የእትዬ ዘርፈሽ ዳግም አረቄ

ብቸና ላይ መምህርት ወይንእሸትን የማያውቅ ተማሪ ቢኖር ገና ትናንት የመጣ መሆን አለበት። ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምጿ ግን ከራሷ ክፍል አልፎ ሦስተኛው ክፍል ድረስ ይሰማል። እንደ ሌላው መምህር ሰሌዳውን በቀመር ሞልታ አትወጣም። ሎሚ ይዛ ትገባለች፣ አመድ ይዛ ትገባለች፣ አንድ ጊዜማ የከረፋ ቅቤ ይዛ ገብታ ክፍሉን በሙሉ አፍንጫውን አስያዘችው።

"ይሄ ቅቤ ምን ሆነ?" ትላለች።

"ከረፋ!"

"ምን አከረፋው?"

ከዚያ በኋላ ነው ትምህርቱ የሚጀመረው። ቅቤውን ያከረፋው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን መሆኑን፣ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ደግሞ ይህን ጥቃት የሚመክቱ ነገሮች እንዳሉ፣ ስማቸውም አንቲኦክሲዳንት እንደሚባል ትነግራቸዋለች። "እናቶቻችሁ ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረት የሚጨምሩት ለሽታው ብቻ ይመስላችኋል?" ስትላቸው ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እንዲህ የተማረ ልጅ ይረሳል? አይረሳም!

የተወለደችው ሞጣ ነው። አባቷ እሷ በቅጡ መሄድ ሳትጀምር ሞቱ፤ እናቷ እትዬ ዘርፈሽ አረቄ እያወጡ አሳደጓት። አረቄ ሲወጣ ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በጌሾ፣ በብቅልና በእህል የተጠነሰሰው ድፍድፍ ማሰሮ ውስጥ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በመቃ ያልፍና ውኃ ውስጥ በተዘፈዘፈው ዕቃ ሲቀዘቅዝ ጠብ ጠብ ይላል። መጀመሪያ የሚወጣው ተራው አረቄ ነው። ያንኑ መልሶ ማሰሮ ላይ ጥዶ ሁለተኛ ያወጣ ሰው ዳግም ያገኛል። ዳግም ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እሳቱ ትንሽ ከበረታ ተንኖ ያልቃል፣ ከደከመ ውኃ ውኃ ይላል። እትዬ ዘርፈሽ እሳቱን ትተው ከጎረቤት ጋር ሲያወሩ ያያቸው የለም። ሞጣ ላይ "የዘርፈሽ ዳግም" ከተባለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ሙያ እያላቸው ግን እትዬ ዘርፈሽ በሥራቸው ያፍራሉ። ድሮ አንዲት ሴት ማኅበር ላይ "አረቄ አውጪዋ" ብላ የወረወረችው ቃል ከሆዳቸው አልወጣም። የብቸና መምህራን ከወይንእሸት ጋር ሞጣ የመጡ ዕለት ማሰሮውን በሰሌን ሸፍነው "ሽንኩርት ነው የምነግደው" ብለው አረፉት። ቤቱ በአረቄ ሽታ ታፍኖ! መምህራኑም የጨዋ ልጆች ናቸውና "ሽንኩርት ዘንድሮስ እንዴት ነው?" እያሉ የቀረበላቸውን በልተው ሄዱ።

ወይንእሸት ያን ዕለት ተናደደች። እንግዶቹን ሸኝታ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ጮኸች።

"እኔን ያስተማረኝ ሽንኩርት ነው እንዴ እማ?"

"ዝም በይ! መምህር የሆነች ልጅ በአረቄ አውጪ ልጅነት ትታማልኝ?"

"ይሙኛ!"

"አንቺ ብትታሚ ግድ የለሽም፤ እኔን ግን ያንገበግበኛል" አሉ እትዬ ዘርፈሽ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ታዲያ ወይንእሸት በክረምት መርሐ ግብር ማስተርሷን ስትማር የመመረቂያ ጥናቷ ርዕስ የጌሾ ቅጠል ሆነ። ቅጠሉን ከተከራየችበት የብቸና ግቢ ለቀመች፣ ጥላ ውስጥ አደረቀች፣ ወቅጣ ነፋች። ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ በየትኛው ፈሳሽ ቢዘፈዘፍ ነው ጌሾ አንቲኦክሲዳንቱን አሟጦ የሚሰጠው? ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ውኃ የሚያወጣው ከውኃ ጋር የሚስማማውን ነው፤ አልኮልም ከአልኮል ጋር የሚስማማውን። አንዱ የሚያወጣውን ሌላው ትቶት ይቀራል። ያው አንድ ቅጠል፣ ፈሳሹ ሲቀየር ሌላ ቅጠል የሆነ ያህል ነው።

አማካሪዋ ዶክተር ሀብተ ሥላሴ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው።

"ሜታኖል ተጠቀሚ" አሏት፤ "አብዛኛው ተመራማሪ የሚጠቀመው እሱን ነው።"

"እጠቀማለሁ ዶክተር፤ ግን ሜታኖል መርዝ ነው። ውጤቱን ብቸና ይዤው ብመለስ ማን ምን ያደርግበታል? ስለዚህ ውኃም፣ ንጹሕ ኢታኖልም፣ የሁለቱ እኩል ቅልቅልም ይኖራል። ሌላ ደግሞ አንድ አለኝ።"

"ምን?"

"ዳግም አረቄ።"

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ወይንእሸት፣ ይሄ ላብራቶሪ ነው እንጂ ሰርግ ቤት አይደለም።"

"አረቄ ማለት እኮ ኢታኖልና ውኃ ነው። ለክተን እናየዋለን። የእኛ ሰው እጁ ላይ ያለው ፈሳሽ እሱ ነው፤ ካልሠራ አልሠራም ብዬ እጽፋለሁ።"

ዶክተሩ ብዙ ካሰቡ በኋላ እሺ አሉ። "ግን አንዲት ነገር ከተበላሸች አረቄው ከጥናቱ ይወጣል፤ አትከራከሪኝም" ብለው አስጠነቀቁ። እሷም ተስማማች። ለሌላው ሰው ይህ አንድ ረድፍ ቁጥር ነው። ለወይንእሸት ግን እናቷ በሰሌን የሚሸፍኑት ነገር ከውጭ አገር ከመጣው ጠርሙስ ጎን ቆሞ መለካቱ ነበር። ቢያንስም ይነስ፤ ብቻ በአደባባይ ይለካ። ከማስተርሱ ይልቅ ልቧን የያዘው ይኸው ነበር።

ሞጣ ወርዳ ለእናቷ ስትነግራቸው እትዬ ዘርፈሽ መጀመሪያ አላመኑም። ቀጥሎ ፈሩ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

"አወጣልሻለሁ። ግን ማን እንዳወጣው ትንፍሽ እንዳትዪ። ሞጣ ጊዮርጊስን በይ።"

"ኧረ እማ!"

"ካልማልሽ ጠብታ አታገኚም።"

ምን ታድርግ? "ሞጣ ጊዮርጊስን፣ አንቺ ካልፈቀድሽ አልናገርም" አለች። በአካባቢው ሰው ዘንድ እንዲህ የተማለ ነገር አይፈርስም፤ ኬሚስትም ብትሆን አይፈርስም።

አረቄው በጀሪካን ተሞልቶ በሚኒባስ መጣ። ወይንእሸት በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ ጀመረች። ዲፒፒኤች የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሲሟሟ ደማቅ ወይን ጠጅ ቀለም ይሆናል። አንቲኦክሲዳንት ሲያገኘው ቀለሙ ይለቅና ወደ ቢጫ ይዞራል። ብዙ ከለቀቀ ብዙ አንቲኦክሲዳንት አለ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ፈሳሽ የተዘፈዘፈውን ጌሾ ስትለካ፣ ጎን ለጎን ቅጠል ያልነካውን ባዶ ፈሳሽም ትለካለች። ባዶው ወይን ጠጅነቱን መልቀቅ የለበትም፤ ከለቀቀ ሙከራው ገደል ገባ።

የውኃው ባዶ አልለቀቀም። የኢታኖሉ አልለቀቀም። የሜታኖሉም የቅልቅሉም አልለቀቀም። የእናቷ አረቄ ግን አንድ የጌሾ ቅጠል ሳይገባበት ዓይኗ እያየ ቢጫ ሆነ።

ብርጭቆውን አጠበች፤ እንደገና ሞከረች። ቢጫ። አዲስ ኬሚካል አሟሟች። አሁንም ቢጫ። ዶክተር ሀብተ ሥላሴ መጥተው አዩና አልጮሁባትም፤ ቢጮሁባት ይሻላት ነበር።

"ነግሬሽ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "አውጪው።"

"አንድ ዕድል ይስጡኝ ዶክተር። ምን እንደሆነ እንኳ ልወቅ።"

"ለማወቅ ዕድል አለሽ። ለመከራከር ግን የለሽም።"

ምክንያቱን ያገኘችላት የላብራቶሪ ባለሙያዋ ብሩክታይት ናት። ጀሪካኑን ከፍታ አሸተተችና አፍንጫዋን ሰበሰበች። "ይሄ ነገር ጤና አዳም ጤና አዳም ይላል እኮ!"

"አረቄ እንዲህ ነው የሚሸተው" አለች ወይንእሸት።

"እኛ አገር እንዲህ አይሸትም።"

ወይንእሸት ክው አለች። እሷ ካደገችበት ቤት ውጭ አረቄ አሽትታ አታውቅም፤ አትጠጣማ! በእናቷ ቤት ደግሞ ለክብር እንግዳ የሚቀመጠው ዳግም የሚሸተው እንዲህ ነበር። ኬሚስቷ ሴትዮ ጀሪካን ሙሉ ፈሳሽ ይዛ ቁጭ ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረችም።

ይህ በስልክ የሚነገር አልነበረም። በነጋታው ሞጣ ደረሰች። እትዬ ዘርፈሽ ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"እህስ? ቀምሰው ምን አሉ?"

"ማን ቀምሶ?"

"ዶክተሮቹ ናቸዋ!"

"እማ፣ ማንም አልቀመሰውም።"

"እንዴ! አልቀመሱትም? ታዲያ ያን ሁሉ ምን አደረጉት?"

"ቅጠል ዘፈዘፍንበት። አሁን ንገሪኝ፤ ምን ጨምረሽበታል?"

"ምን እጨምርበታለሁ? ጤና አዳሙን ዘፍዝፌ፣ ነጭ ማር ጠብ አድርጌ፣ አጥልዬ ላክሁ። ለሙሽራ አባት የማደርገውን ነው ያደረግሁት። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ነገር ባዶውን ልስደድልሽ? ምን የባለጌ ሥራ ነው!"

ወይንእሸት ሳቋ መጣ፤ ሳቁ መሀል ላይ እንባ ሆነ። ጤና አዳም ራሱ በአንቲኦክሲዳንት የተሞላ ቅጠል መሆኑን፣ ማሩም የራሱ እንዳለው፣ ከዚያ ወዲህ የትኛው የጌሾ የትኛው የጤና አዳም እንደሆነ መለየት እንደማይቻል አስረዳቻቸው። እትዬ ዘርፈሽ እየሰሙ ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

"አበላሸሁብሽ በይኛ።"

"አከበርሽኝ እንጂ አላበላሸሽም። ግን አሁን ባዶውን ነው የምፈልገው እማ። ከማሰሮው እንደወጣ።"

"ባዶውን?" ፊታቸው ተኮማተረ። ለእሳቸው ባዶ ዳግም ለተከበረ ሰው መላክ ገበታ ላይ ወጥ የሌለው እንጀራ ማቅረብ ነው። ቢሆንም ተነሥተው ማሰሮውን ማጠብ ጀመሩ። መቃውን ራሱ ቀየሩት፤ የድሮው ሽታ ይዟል ብለው። ማንም ይህን አላዘዛቸውም። ወይንእሸት እሳቱ ዳር ከጎናቸው ተቀመጠች፤ ጠብታው እስኪያበቃ አንዳቸውም አልተነሡም።

ወደ ላብራቶሪው ስትመለስ ዶክተር ሀብተ ሥላሴ ማን እንዳወጣው ሳትጠቅስ የነገረቻቸውን ምክንያት ሰምተው ከት ብለው ሳቁ። "ለሙሽራ አባት!" አሉ ደጋግመው። ከዚያም ኮስተር ብለው፣ "ስህተቱን ማግኘትሽ ከውጤት ይበልጣል። ድገሚው" አሏት።

ደገመችው። የአዲሱ አረቄ ባዶ ወይን ጠጅነቱን አልለቀቀም፤ ቆመው ቢያዩት ቢያዩት አልለቀቀም። ብሩክታይት እልል ልትል ስትል ወይንእሸት አፏን ያዘቻት፤ ገና ነዋ! የአልኮሉን መጠን ለኩት፤ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ የቀረው ውኃ ነው። ጌሾውን ዘፍዝፈው፣ አጥልለው ለኩ። ውኃ ብቻውን መጨረሻ ወጣ። ንጹሑ ኢታኖል ከእሱ ተሻለ፤ ሜታኖሉ ከኢታኖሉ በለጠ። ከሁሉም በላይ የወጣው በላብራቶሪ የተቀላቀለው እኩል ኢታኖልና ውኃ ነው። ውኃው ደረቁን ቅጠል ያርሰዋል፣ ያሳብጠዋል፤ አልኮሉ ይገባና ውኃ ያልቻለውን ይዞ ይወጣል። የእትዬ ዘርፈሽ ዳግም ደግሞ ከዚህ ከአንደኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ። ልዩነት አለ ለማለት እንኳ የማያስደፍር ነበር።

በዚህ ጊዜ ብሩክታይት እልልታዋን ለቀቀችው።

ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። እትዬ ዘርፈሽ "እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ" ሲሉ ከርመው፣ በመጨረሻ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡና ከኋላ ወንበር ብሩክታይት አጠገብ ተቀመጡ። ወይንእሸት በእንግሊዝኛ ስታቀርብ እናቷ አንድም ቃል አልገባቸውም። ግራፉ ግድግዳው ላይ ሲበራ ግን ብሩክታይት ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ በጣቷ ስታሳያቸው ወይንእሸት ከፊት ሆና አየች። "ያ ረጅሙ፣ መጨረሻ ላይ ያለው፣ የሞጣው አረቄ ነው" እያለቻቸው ነበር። እትዬ ዘርፈሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

የውጭ ፈታኙ ዶክተር ሣህለ ማርያም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ፣ ሽበት የወረሳቸው ሰው ናቸው። ብዙ ጠየቁ፤ ወይንእሸት ሁሉንም መለሰች። ከዚያ አንዲት ገጽ ላይ ቆሙና ወደ አማርኛ ዞሩ።

"የሌሎቹ ፈሳሾች አምራች ተጽፏል። ይሄ አረቄ ግን 'ከሞጣ የተገኘ' ብቻ ይላል። ማን ነው ያወጣው?"

"መናገር አልችልም ዶክተር።"

"ለምን?"

"ምያለሁ።"

አዳራሹ ሳቀ። ዶክተር ሣህለ ማርያም ግን አልሳቁም። "መሐላሽን አከብራለሁ" አሉ። "ነገር ግን አረቄ ከቤት ቤት ይለያያል። ሌላ ሰው ይህን ልድገም ቢል ማን ዘንድ ይሂድ? እንዴት እንደወጣ ማንን ይጠይቅ? ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር እዚህ ውስጥ መግባት የለበትም። ረድፉን አውጪው። ሌላው ሥራሽ ጥሩ ስለሆነ ያሳልፍሻል።"

ወይንእሸት ወደ አማካሪዋ አየች። ዶክተር ሀብተ ሥላሴ አንገታቸውን ደፉ፤ ፈታኙ ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው የባሰው! እሺ ብትል ታልፋለች፤ ዲግሪዋን ይዛ ብቸና ትገባለች፣ ሰውም እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል። ያ ረጅሙ ግን ከግድግዳው ይነሣል። ብትናገር ታቦት ክዳለች፣ ከታቦቱም ይልቅ እናቷን አጋልጣለች። ተናድዳለች፣ አፍራለችም።

"ላውጣው?" አለች ለራሷ በሚመስል ድምፅ።

"አታወጪም!"

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። እትዬ ዘርፈሽ ቆመዋል።

"ጌታው ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ ሞጣ ጊዮርጊስን ብላኛለች፤ ብትገደል አትናገርም። ያስማልኳት እኔ ነኝ፣ ፈትቻታለሁ። ያወጣሁትም እኔ ነኝ። አረቄ አውጪ ነኝ።"

ዶክተር ሣህለ ማርያም ከወንበራቸው ተነሡ። "እናቴ፣ እስቲ ወደዚህ ይምጡና እንዴት እንዳወጡት ይንገሩን።"

እትዬ ዘርፈሽ በመምህራኑ መሀል አልፈው ፊት ለፊት ወጡ። መጀመሪያ ድምፃቸው አነሰ። ስለ እሳቱ ማውራት ሲጀምሩ ግን ማንን እንደሚያነጋግሩ ረሱት። የድፍድፉን፣ የመቃውን፣ ገና ሲጀምር ጠብ የሚለውን ጥቂቱን ለምን እንደሚደፉት፣ መቼ እንደሚያቆሙ በእጃቸው እያሳዩ ተናገሩ። "መጀመሪያ ጤና አዳም ጨምሬ ያበላሸሁባትም እኔው ነኝ" ሲሉ አዳራሹ እንደገና ሳቀ፤ አሁን እሳቸውም አብረው ሳቁ። ወይንእሸት የእናቷን ፊት ስታይ እንባዋን አልጠረገችም፤ ይውረድ አለች። በሕይወቷ እንዲህ ኮርታ አታውቅም።

ዶክተር ሣህለ ማርያም እስክሪብቷቸውን አነሡ። "ረድፉ ይቆያል። ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝና ከአምራቾቹ ጋር ይግባ።"

እትዬ ዘርፈሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ዘርፈሽ እንዳለው፣ ከሞጣ" አሉ። "አረቄ አውጪ የምትለዋንም አብረው ይጻፏት፤ አሳምረው።"